ወተት የሚተኛበት ባልዲ

«አላንጠፈጠፍሽም» አሏት።

በሰው ሁሉ ፊት ነው ያሏት፤ በበረቱ ደጃፍ፣ ላም ያለው የመንደሩ ሰው ሁሉ የየራሱን ወተት ይዞ ተሰልፎ ሳለ። ባርላ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። እጇ ግት ላይ መድረስ ከቻለ ጀምሮ ላም ስታልብ ኖራለች። አንጠፍጥፎ ማለብ ማለት የመጨረሻዋን ጠብታ፣ ያቺን ወፍራሟንና ቅባታሟን፣ ግቱ ውስጥ ሳያስቀሩ ማውጣት ነው። ሳያንጠፈጥፍ ከበርጩማው የሚነሳ ሰው ሰነፍ ነው፤ ላሟንም ያደርቃታል። ሌባ ቢሏት ይቀላት ነበር።

«አንጠፍጥፌያለሁ» አለች።

«ዘንጉ እንደዚያ አይልም» አለ ባልዘር። ባልዘር የግጦሹ አለቃ ነው፤ በዚያ ተራራ ላይ ከእሱ የበለጠ ላም ያለው የለም። ዘንጉን ከመስፈሪያው ባልዲ ውስጥ መዝዞ ለሁሉም እንዲታይ አነሳው። ወተቱ ያረጠበው እስከ አምስተኛው ጭረት ብቻ ነበር። «በሰኔ እናትሽ መጥታ ስታልብ ሰባት ነበር። ያው ሁለት ላም። አሁን አምስት።»

«ማለቢያዬ ማንጠልጠያ ጆሮው እስከተመታበት ምስማር ሞልቶ ነበር። በሰኔም የሞላው እስከዚያው ነው።»

«አረፋ ነዋ!» አለ ክላው ከኋላ። ክላው ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው ነው። «አረፋውን ነው ያየሽው፣ የኔ ቆንጆ። በአረፋማ ቢሆን እኔም ሀብታም ነበርኩ!»

ሰዉ ሳቀ። ባርላ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ከዕፍረት ሳይሆን ከንዴት። የአረፋውን ነገር ለእሷ ማስረዳት ምን ይሉታል? አረፋ እንዳያታልል ተብሎ አይደል እንዴ አለቃው ወተቱ ከተገለበጠ በኋላ ጮክ ብሎ አንድ «አባታችን ሆይ» የሚደግመው? እሱ ጸሎቱን እስኪጨርስ አረፋው ይሰክናል፤ ዘንጉ የሚገባው ከአሜን በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ልጅ በዚያ መንደር አልተወለደም።

ባርላ ዞር ብላ ጓደኛዋን ፈለገቻት። ትሬዛ የባልዘር ልጅ ናት፤ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። የባርላ ላም ፍሉራ ስትታለብ በጅራቷ ፊት ስለምትገርፍ፣ ጅራቷን ይዛ የቆየችው ትሬዛ ነበረች።

«ትሬዛ አጠገቤ ነበረች። ትሬዛ፣ ንገሪያቸው እንጂ! ባዶ እስኪሆን አላለብኩም?»

ትሬዛ አባቷን አየች። ከዚያ ጫማዋን አየች።

«እኔ እንጃ… ልብ ብዬ አላየሁም።»

«በቃ» አለ ባልዘር። «አምስት። ቀጣይ!»

የመንደሩ ላሞች በጋውን እዚያ ላይ አብረው ይግጣሉ፤ ወተታቸውም በአንድ ትልቅ የመዳብ ድስት ውስጥ ገብቶ ቺዝ ይሆናል። ማን ስንት እንደሚደርሰው የሚታወቀው በስፍር ቀን ነው። ባለቤቱ ከመንደር ወጥቶ፣ ማታና በማግስቱ ጧት ላሙን በገዛ እጁ አልቦ፣ ወተቱን በማኅበሩ ባልዲ ያሰፍራል። ዘንጉ ያለው አለቀ። አምስት ካለ አምስት ነው፤ በበረዶው ወራት ገበታህ ላይ የሚቀርበውም እንደ አምስት ነው። የባርላ አባት በግድብ ሥራ ርቆ ሄዷል። እናቷ ከድርቆሽ ጋሪ ወድቃ ትከሻዋ ተሰብሯል። ለዚህ ነው ባርላ የመጣችው። ሁለት ጭረት ለባልዘር ቤት ምንም አይደለም። ለእነሱ ግን በየካቲት ቺዝ መኖርና አለመኖር ነው።

ማለቢያዋን ወደ ገንዳው ወስዳ ማጠብ ጀመረች። በኃይል ስለምታሽከረክረው ማለቢያው ከገንዳው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ይጮህ ነበር።

«እሱ ምን አደረገሽ? ባልዘርን ምቺው እንጂ» አሉ አንዲት አሮጊት ከጎኗ።

እማማ ሜንጃ ናቸው። አንዲት ላም ብቻ አለቻቸው። ምላሳቸው ግን የመንጋ ያህል ነው።

«አንጠፍጥፌ ነበር፣ እማማ።»

«አውቃለሁ። ስታልቢ ሰምቼሻለሁ። መጨረሻ ላይ ድምፁ ይቀጥናል።» ማለቢያቸውን ገንዳው ውስጥ ነከሩ። «የኔዋም ወርዳለች። በሰኔ ሦስት ጭረት ነበረች፤ ዛሬ ሁለት ብቻ። እሱ ደግሞ ለኔ ሲሆን ጸሎቱን እንደ ጳጳስ ነው የሚያስረዝመው፤ ለራሱ ሲሆን 'በሰማያት'ን ዘሎ አሜን ላይ ያርፋል። ግን ምን ታደርጊዋለሽ፣ አርጅታለች። በመስከረም ለሥጋ ቤቱ እሰጣታለሁ።»

«ላምዎን?»

«ታዲያ ማንን ልስጥ፣ ራሴን? እኔን አይገዛኝም።»

አሮጊቷ ስቀው ሄዱ። ሳቃቸው ግን ከልብ አልነበረም።

ባርላ ማለቢያዋን ለማንጠፍጠፍ ወደ ግንቡ ወሰደችው። የመስፈሪያው ባልዲም ታጥቦ እዚያ ተደፍቷል። አዲስ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ። ድሮ የነበረው ከእንጨት የተሠራ፣ ከሥሩ እስከ አፉ እኩል የሆነ ባልዲ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ባልዘር ረስቶ፣ በሐምሌ ፀሐይ ላይ ባዶውን ተወው፤ ደርቆም ማፍሰስ ጀመረ። የእንጨት ባልዲ ውሃ ካልጠጣ ይሰነጠቃል፤ ከጠጣ ደግሞ አብጦ ራሱን ይዘጋል። ባልዘር ግን ይህን አልጠበቀም፤ ታች ከተማ ወርዶ አዲስ ገዛ።

ባርላ የተደፋውን ቆርቆሮ አየችው። አሁን ከላይ ያለው ሥሩ ነው። እንደ በርጩማ ሰፊ። ወደ መሬት ያለው አፉ ግን ጠባብ ነው። ክርኗ ድረስ ውሃ የነካው እጇ ባለበት ቀረ።

ዘንጉ አሮጌው ነው። ጭረቶቹ የተቆረጡት ለእንጨቱ ባልዲ ነው፤ ለዚያ እኩል ለሆነው። አሁን የሷ ትንሽ ወተት እዚህ ሰፊ ሥር ላይ ሲገለበጥ ምን ያደርጋል? ይተኛል። ተዘርግቶ ይተኛል። የባልዘር ወተት ግን ሞልቶ ጠባቡ ላይ ሲደርስ፣ መተኛ ስለሌለው ይቆማል።

«ተኝቷል» አለች ጮክ ብላ። የሰማት ላም ብቻ ነበረች።

ከራት በፊት ትሬዛ መጣች። አንድ ቁራሽ የደረቀ ሥጋ በመሐረብ ይዛ ነበር። ባርላ ድርቆሹ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቦታም አልለቀቀችላትም።

«ተቆጥተሻል?»

«አቦ ተይኝ።»

«ምን ልበል ታዲያ? አባቴ እኮ ነው። በሰው ፊት ዋሽተሃል ልበለው?»

«ዋሽተሃል በይው አላልኩም። ያየሽውን በይ ነው ያልኩት።»

«ሁለት ጭረት እኮ ነው፣ ባርላ! ከኛ ድርሻ በድብቅ አመጣልሻለሁ። እንደውም ከጥሩው።»

ባርላ ሥጋውንም መሐረቡንም መለሰችላት። «ለማኝ አደረግሽኝ?» አለች። «ሂጂ። ጧት ታዪኛለሽ።»

ጧት ላይ ሰማዩ ከወደ ምዕራብ ጠቆር ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ቸኩሏል፤ ታች መንደር የታጨደ ድርቆሽ መሬት ላይ ተዘርግቷል። አልበው ጨርሰው ተሰለፉ። ባልዘር ሰፈረ፣ ጸለየ፣ ዘንጉን አነሳ፤ ሰፈረ፣ ጸለየ፣ አነሳ። የባርላ ተራ ደረሰ።

ባርላ ማለቢያዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ከፊቱ ቆመች።

«ገልብጪ እንጂ» አለ ባልዘር።

«አልገለብጥም።»

«ምን?»

«እዚህ ባልዲ ውስጥ ወተቴን አልገለብጥም። ባልዲው ውሸታም ነው።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ክላው «አንቺ ልጅ፣ ድርቆሼ ዝናብ ሊበላው ነው፣ ቀልድሽን ማታ አድርጊው» አለ። ባልዘር ግን አልሳቀም።

«ስሚ» አለ። «ያላሰፈረ ሰው ዜሮ ነው። ሕጉ ነው። የጧቱ ዜሮ፣ የማታው አምስት። ይሻልሻል?»

«ሕግ ካሉ ሌላም ሕግ አለ» አለች ባርላ። «የሁሉም ወተት ሳይገባ እሳት አይነድም። ሕጉ ነው።»

ሁሉም ወደ ቺዝ ሠሪው ዞሩ። ቺዝ ሠሪው በጎጆው በር ላይ ክብሪቱን እንደያዘ ቆሞ ነበር። ነገር አይወድም። ትከሻውን ነቀነቀ።

«እውነቷን ነው» አለ። «የሷ ሳይገባ አልለኩስም።»

«እናትሽ ናት እንዲህ አድርጊ ያለችሽ?» አለ ባልዘር።

«እናቴ እዚህ የለችም። እኔ ነኝ። ጋሼ ባልዘር፣ አረፋ ነው ተብሏል አይደል? እሺ፤ ውሃ አረፋ የለውም።» የእማማ ሜንጃን ባዶ ማለቢያ ተቀብላ ወደ ገንዳው ሄደች። እሱንም የሷንም የሠራው አንድ እጅ ነው፤ ልኩ አንድ ነው። እስከ ምስማሩ ሞላችና መጥታ ባዶው ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠችው። «ዘንጉን ይክተቱ።»

«እኔ የልጅ ጨዋታ…»

«ክተት እንጂ ባልዘር!» አሉ እማማ ሜንጃ። «ለውሃም ጸሎት ያስፈልገዋል?»

ባልዘር ዘንጉን ከቶ አወጣው።

«አምስት» አለ።

ባርላ ሁለተኛ አመጣች። በዚያው ማለቢያ፣ እስከዚያው ምስማር። ገለበጠች። ክላው ሳይቀር አንገቱን አስግጎ መጣ። ዘንጉ ወጣ፤ ዐሥራ ሁለት ላይ ነበር።

«አምስትና ሰባት» አለች ባርላ። «ውሃው ያው ነው፤ ማለቢያውም ያው ነው። መጀመሪያ ሲገባ አምስት፣ ቀጥሎ ሲገባ ሰባት። ውሃዋም አላንጠፈጠፈች ይሆን?»

አንድ ሰው ፉጨት አሰማ። ባልዘር ቀላ።

«ይሄ ባልዲ ትክክል ነው!» አለ። «ሞኝ አደረጋችሁኝ እንዴ? ስገዛው ራሴ ሞክሬዋለሁ። አሮጌው እንዳይፈስ በሰም ደፍኜ፣ ሞልቼ፣ እዚህ ውስጥ ገለበጥኩ። ጠብታ አልተረፈም፣ ጠብታ አልጎደለም። እስከ ሃያ አንድ! ሁለቱ እኩል ነው የሚይዙት!»

አልዋሸም። ባልዘር ብዙ ነገር ነው፤ ትምክህተኛ ነው፣ ግትር ነው፣ ግን ሌባ አይደለም። ባርላም ይህንን ያኔ ገና አወቀች፤ እስከዚያ ድረስ ሌባ መስሏት ነበር። ሌባ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ሌባን መጥላት ይበቃል።

ሦስተኛውን ማለቢያ አመጣችና ገለበጠች። ውሃው እስከ አፉ ሞላ። ዘንጉ ሃያ አንድ አለ።

«ይኸው» አለ ባልዘር። «ይኸው! ሃያ አንድ!»

«አዎ፣ ሃያ አንድ» አለች ባርላ። «ለሞላለት ሰው ልክ ነው። አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፤ ድምሩ ልክ ይመጣል። እርስዎ ሲሞሉ ነው የሞከሩት፤ የእርስዎ ወተት ደግሞ ሁልጊዜ ይሞላል። የኔ ግን እዚህ ሥር ላይ ነው የሚቀረው። እዚህ ሥር ሰፊ ነው፤ ወተቴ ይተኛበታል። የእማማ ሜንጃም እንደዚያው። ላማቸው አላረጀችም። ወተቷ ነው ባልዲው ውስጥ የተኛው።»

እማማ ሜንጃ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሸፈኑ። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ አይታወቅም ነበር።

ባልዘር ባርላን በክርኗ ይዞ ወደ በረቱ ጥግ ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ። ገባኝ። ሰባት ይሁንልሽ፣ የማታውም የጧቱም። ለሜንጃም ሦስቷን እመልስላታለሁ። አሁን ወተትሽን ገልብጪና ሰዉ ወደ ድርቆሹ ይውረድ። ሰማዩን አይተሽዋል?»

ባርላ ሰማዩን አየች። ታች ሜዳው ላይ የነሱም ድርቆሽ አለ፤ እናቷ በአንድ እጇ መንሽ ይዛ ስትታገል ታየቻት። እሺ ብትል እኩለ ቀን ሳይሆን እዚያ ትደርስ ነበር። እሺ ብትል ሰባቱም የሷ ነው።

ግን የማን ሰባት? ባልዘር የሰጣት ሰባት። ነገ ሰው ምን ይላል? አለቃው አዝኖላት ጨመረላት ይላል። አላንጠፈጠፈችም፣ ግን ጮኸች ይላል። ደግሞ ከሷና ከእማማ ሜንጃ በቀር ሌላም ሁለት ላም ያለው፣ ሦስት ላም ያለው አለ፤ የእነሱን ማን ይመልሳል?

«ስጦታ አልፈልግም» አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። «ይሰፈር። የሁላችንም እንደገና ይሰፈር። ዛሬ ማታና ነገ ጧት፣ በእንጨቱ ባልዲ።»

«አብደሻል!» ክላው ኮፍያውን አውልቆ ጭኑን መታበት። «እስከ ነገ? ድርቆሼስ? አንቺ ታደርቂልኛለሽ?»

«የኛም ድርቆሽ እዚያው ነው ያለው።»

«በአንዲት ኮረዳ ምክንያት መንደር ሙሉ…»

«አንተ ስንት ላም ነው ያለህ፣ ክላው?» አሉ እማማ ሜንጃ።

«ሦስት።»

«ታዲያ አንተም ተኝተሃል እኮ፣ አንተ ቂል! ተነስ!»

ይህኔ ክላው ወደ ቆርቆሮው ዞረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታይ ነበር፤ የራሱን ጭረት እየደመረ ነው። እማማ ሜንጃ በርጩማቸውን ከበረቱ አውጥተው ደጃፉ መሐል ላይ አስቀመጡና ተቀመጡበት። ማንም ሳያስነሳቸው አያልፍም፤ የሚያስነሳቸውም የለም።

ባልዘር ቆርቆሮውን አነሳ። ከዚያ ውሃውን ሳሩ ላይ ደፋው። ማንንም ሳያይ ከጎጆው ኋላ ዞረ፤ ሲመለስ አሮጌውን የእንጨት ባልዲ በትከሻው ይዞ ነበር። ገንዳው ውስጥ ከተተውና በላዩ ድንጋይ ጫነበት። ባልዲው ውሃ መጠጣት ጀመረ፤ በስንጥቆቹ በኩል ትንንሽ አረፋ ይወጣ ነበር።

«እስከ ማታ ይዘጋል» አለ። ለባርላ አልነበረም፣ ለማንም አልነበረም። ከዚያ ወደ ቺዝ ሠሪው «ለኩስ። የዛሬ ጧቱ አይቆጠርም» ብሎ ጮኸ።

ባርላ ወተቷን በገዛ እጇ ወስዳ የመዳቡ ድስት ውስጥ ገለበጠችው፤ ማጥለያውም ላይ ማለቢያውን ደፍታ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ ጠበቀች። ከጎጆው ስትወጣ ዝናቡ የመጀመሪያዎቹን ጠብታዎች ጣሪያው ላይ ጣለ። ክላው ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው እያየ ይሳደብ ነበር። እናቷም ታች እየተሳደበች እንደሆነ ባርላ አልጠፋትም።

ትሬዛ በበረቱ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አይቼ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ትላንት። እስከ መጨረሻው ነው ያለብሽው። አይቻለሁ። ለአባዬ ማታ እነግረዋለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን።»

«አይሆንም» አለች ባርላ።

«ይቅርታ እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰምቻለሁ። ይቅርታውን ያዥው።» ባርላ ዛሬ ጧት የፍሉራ ጅራት ያሳበጠውን ጉንጯን በመዳፏ ጠረገች። «ዛሬ ማታ ሳልብ ጅራቷን አትይዢልኝም፤ ትግረፈኝ። በርጩማ ይዘሽ ፊት ለፊቴ ትቀመጫለሽ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጄን ታያለሽ። ከዚያ እዚያ ሰልፉ ጋ፣ አባትሽ ዘንጉን ሳይከት፣ ክላውም ሁሉም እየሰማ፣ ያየሽውን በአፍሽ ትናገሪያለሽ። ጮክ ብለሽ!»